ቃለ ጉባኤው ላይ ያልሰፈረው

የእጅ ጽሑፌ ይነበባል። በዚህ ሰበብ በዋግ አበርገሌ፣ ኒሯቅ ላይ ማስተማር ከጀመርኩ አንሥቶ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ቃለ ጉባኤ ያዥ እኔ ነኝ። የወላጆች ኮሚቴ ይሁን፣ እድር ይሁን፣ የሠራተኛ ግምገማ ይሁን፣ እስክሪብቶው የሚሰጠው ለእኔ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ቀን፣ የጠራንን ክፍል ስም ልተወውና፣ አዲስ ኃላፊ ሊተካ ነው ተብለን ተሰበሰብን። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት የተጀመረው ነገር ጀንበር ስታዘቀዝቅም አላለቀም። ለሁለት ተከፈልን። «የነበረው ምን አጠፋ?» ያለ ነበር፤ «የሚመጣውን ማን ያውቀዋል?» ያለም ነበር። ሁለት ሰዎች ተናግረው ተናግረው ሰሚ ሲያጡ ጥለው ወጡ። እኔ የእያንዳንዱን ቃል አሰፈርኩ፤ አሥራ አንድ ገጽ ሞላ።

ሲመሽ ሰብሳቢው ደብተሩን ተቀበለኝና ገለጥ ገለጥ አደረገው። «መምህር፣ ይኼ ሁሉ ምን ያደርጋል? ያለቀበትን ብቻ ጻፍ» አለኝ። አሥራ አንዱ ገጽ ተቀደደ። በአዲሱ ገጽ ላይ እሱ እየነገረኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍኩ፦ ተሰብሳቢው በጉዳዩ ላይ በስፋት ከተወያየ በኋላ በሙሉ ድምፅ ተቀብሎታል። ፈረምኩበት።

ያ ፊርማ እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል። ወረቀት መቀደዱ አይደለም የከበደኝ፤ ጥለው የወጡት ሁለቱ ሰዎች በደብተሩ ላይ የሉም፣ እንዲያውም በ«ሙሉ ድምፅ» ውስጥ ተቆጥረዋል። ዓመት ሳይሞላ አንደኛው ከሥራው ታገደ፣ ሌላው አገር ለቆ ሄደ። ምን ብለው እንደተከራከሩ የሚመሰክር አንድ መስመር የትም አይገኝም። የወረዳ ነገር ነው፣ ትንሽ ነው። ነገር ግን በሕዝብ ስም የሚምሉ ንቅናቄዎቻችን መሪ ሲተኩ ባየሁ ቁጥር ያ ደብተር ፊቴ ላይ ይገለጣል።

ዋግ ለዚህ ነገር ሩቅ አገር አይደለም። ሠላሳ ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ክልላችንን፣ አማራን፣ የመራው ድርጅት በእነዚህ ተራሮችና በረሃዎች ውስጥ ነው ያደገው፤ የተወለደውም ከሌላ ድርጅት፣ ከኢሕአፓ፣ ጠብ ነው። ኢሕአፓ ውስጥ የመጀመሪያው ዋና ጸሐፊ ብርሃነ መስቀል ረዳና ጓዱ ጌታቸው ማሩ በከተማው የትጥቅ ትግል ላይ ጥያቄ ሲያነሡ «አንጃ» ተባሉ። ጌታቸው በገዛ ድርጅቱ እጅ ታግቶ ተገደለ። ብርሃነ መስቀል ወደ ሰሜን ሸዋ ሸሸ፤ በኋላ ደርግ ይዞ ገደለው። «አንጃ» የሚለው ቃል ከዚያ ጊዜ ወዲህ በቋንቋችን ውስጥ የደም ሽታ ያለው ቃል ሆኖ ቀረ። አሲምባ ላይ የነበረው የኢሕአፓ ሠራዊት በ1970 ዓ.ም. በሕወሓት ተመቶ ሲበተን፣ ከተረፉት ጥቂቶቹ ከድርጅታቸው ጋር ተቆራርጠው ኅዳር 11 ቀን 1973 ዓ.ም. ኢሕዴንን መሠረቱ። ዋግና ላስታ መንቀሳቀሻቸው ሆነ። ሽማግሌዎቻችን ሽሮና ማሽላ ያቀበሏቸውን ልጆች መልክ ያስታውሳሉ።

እነዚያ ልጆች ልዩነት የሚያስገድለው ድርጅት ምን እንደሆነ ከማንም በላይ ያውቁ ነበር። እኔን የሚያሳዝነኝ ይኼ ነው። አውቀውት ሳለ፣ ለተጣሉት ሰው በድርጅታቸው ውስጥ ወንበር የሚያስቀምጥ ሕግ አላበጁም። «ዴሞክራሲያዊ ማዕከላዊነት» ተባለና ከላይ የተወሰነውን ከታች ያለው እንዲሸከም ተደረገ። «ሂስና ግለ ሂስ» ተባለና ሰው በጓዶቹ ፊት ራሱን እንዲያዋርድ ተደረገ። የታጋዮቹን ንጽሕናና መሥዋዕትነት አልክድም፤ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን እነሱን ተከትለው ሄደው ያልተመለሱ አሉ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ተመልከቱት። የድርጅቱ መሪ የነበሩትና በሽግግሩ ዘመን ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት ታምራት ላይኔ በጥቅምት 1989 ዓ.ም. ከሥልጣን ተነሡ፤ በሙስና ተከሰው 18 ዓመት ተፈረደባቸው፤ አሥራ ሁለት ዓመት ታስረው ወጡ። በረከት ስምዖን የድርጅቱ አንደበት ተብለው ለዓመታት ኖሩ። በ2010 ዓ.ም. ክረምት ከማዕከላዊ ኮሚቴው ታገዱ፣ በጥር 2011 ዓ.ም. ከታደሰ ካሳ ጋር ታሰሩ፣ በኋላም ስድስት ዓመት ተፈረደባቸው። የፍርድ ቤቱን ጉዳይ ለሕግ ባለሙያ እተዋለሁ። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። ሰውየው በድርጅቱ ውስጥ የያዙት አቋም ስንት ደጋፊ ነበረው? ስንት ሰው ተቃወማቸው? ምን ብለው ተከራከሩ? አባሉ ያወቀው መግለጫው ሲነበብ ነው፤ እኛ ደግሞ ከሬዲዮ።

እርግጥ በእግራቸው የወጡም አሉ። በ2003 ዓ.ም. መስከረም ድርጅቱ የነበረበት ግንባር ኢሕአዴግ አዳማ ላይ ጉባኤ ተቀምጦ «መተካካት» የሚባል ነገር አጸደቀ፤ አንጋፋዎቹ በየተራ ይወጣሉ፣ ወጣቶች ይገባሉ ተባለ። አዲሱ ለገሰ ከዚህ ከእኛ ወገን፣ ስዩም መስፍን ከሕወሓት ወገን ቦታቸውን ለቀቁ። ያኔ የክፍል ተማሪዎቼ እንኳ ቃሉን ይቀልዱበት ነበር፤ እኔ ግን ደስ ብሎኝ ነበር። በሰላም ወንበር የሚለቅ ሰው ለማየት የጓጓ ትውልድ ነንና። ይሁን እንጂ ማን ይውጣ፣ ማን ይግባ የሚለውን የወሰኑት ራሳቸው የሚወጡት ሰዎች ነበሩ። ሊቀ መንበሩ መለስ ዜናዊ መቼ እንደሚተኩ አባሉ ድምፅ የሰጠበት ነገር አልነበረም። ነሐሴ 14 ቀን 2004 ዓ.ም. ሞት ቀደማቸው። ግንባሩ 26 ቀን ቆይቶ መስከረም 5 ቀን 2005 ዓ.ም. ኃይለማርያም ደሳለኝን መረጠ። እሳቸውም የካቲት 8 ቀን 2010 ዓ.ም. በፈቃዳቸው ለቀቁ፤ ይኼን ማክበር ይገባል። በሰላም የተተኩት ስዩም መስፍን ግን ሰባ ዓመት ካለፋቸው በኋላ በጥር 2013 ዓ.ም. በትግራዩ ጦርነት ውስጥ ተገደሉ። መተካካት አንድን ሰው ከወንበሩ አውጥቶ ከጠቡ ግን አላወጣውም።

መጋቢት 18 ቀን 2010 ዓ.ም. ማታ የሆነውን ሳነሣ አሁንም ልቤ ይሞቃል። የኢሕአዴግ ምክር ቤት ሊቀ መንበር ሲመርጥ ቁጥሩ ወጣ፤ ዐቢይ አሕመድ 108፣ ሽፈራው ሽጉጤ 59፣ ደብረጽዮን ገብረሚካኤል 2። ደመቀ መኮንን ራሳቸውን ከውድድሩ አግልለዋል ተባለ። በማግስቱ ሦስቱን ቁጥሮች ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጻፍኳቸው። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ገዢ ድርጅት «ሙሉ ድምፅ» ሳይል ሲመርጥ ሰማሁ። ልጆቹን ደምሩ አልኳቸው፤ 169 አሉ። አንዱ ልጅ እጁን አውጥቶ «መምህር፣ ሁለት ብቻ ያገኘው ሰውዬ አሁን ምን ይሆናል?» አለኝ። «ምንም አይሆንም፣ ሥራውን ይሠራል» አልኩት። መምህር ሆኜ ከሰጠኋቸው መልሶች ሁሉ የዚያን ያህል የተሳሳትኩበት የለም። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ግንባሩ ፈረሰ፣ ብልጽግና ተመሠረተ፣ ሕወሓት አልገባም አለ፤ በሦስተኛው ዓመት ጦርነት ሆነ። የጦርነቱ ምክንያት ያ ምርጫ ብቻ ነው አልልም። ነገር ግን 108ቱ 61ዱን፣ 61ዱም 108ቱን ይዘው የሚኖሩበት ቤት አልነበራቸውም።

በክልላችንም ያው ነው። በመስከረም 2011 ዓ.ም. የያኔው ኢሕዴን፣ የኋላው ብአዴን፣ ባሕር ዳር ላይ ተሰብስቦ ስሙን አዴፓ ሲያደርግ ከእስር የወጡትን የላስታውን ሰው ብርጋዴር ጄኔራል አሳምነው ጽጌን ወደ ማዕከላዊ ኮሚቴው አስገባ፤ የክልሉን የጸጥታ ቢሮም ሰጣቸው። አምባቸው መኮንን ደግሞ በየካቲቱ ርእሰ መስተዳድር ሆኑ። ሁለቱም የአንድ ድርጅት ሰዎች ናቸው። ሰኔ 15 ቀን አምባቸውና ባልደረቦቻቸው እዘዝ ዋሴና ምግባሩ ከበደ በጥይት ተመቱ፤ በዚያው ምሽት አዲስ አበባ ላይ ኤታማዦር ሹሙ ጄኔራል ሰዓረ መኮንንና ጡረተኛው ሜጀር ጄኔራል ገዛኢ አበራ ተገደሉ። መንግሥት ጥቃቱን መርተዋል ያላቸው አሳምነው በሁለተኛው ቀን ተገደሉ። በዚያ ሳምንት ሰቆጣ ገበያ ላይ ሁለት ለቅሶ ነበር። አንዱ ለአምባቸው ያለቅሳል፣ ሌላው ለአሳምነው ያለቅሳል፤ የሚያለቅሱት ሰዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው ፍየል የሚሸጡ ጎረቤታሞች ነበሩ። እነዚህ ሁለት ለቅሶዎች ከጥይቱ በፊት በአንድ አዳራሽ ውስጥ ክርክር ሆነው ቢነገሩ ኖሮ እያልኩ ስንት ሌሊት እንዳሰብኩ እግዚአብሔር ያውቃል።

ከ2011 እስከ 2015 ዓ.ም. ክልሉ በስድስት ርእሳነ መስተዳድር እጅ አለፈ። ገዱ አንዳርጋቸው ወደ ውጭ ጉዳይ ሄዱ፣ አምባቸው ተገደሉ፣ ተመስገን ጥሩነህ ወደ መረጃና ደኅንነት፣ አገኘሁ ተሻገር ወደ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ተወሰዱ፣ ይልቃል ከፋለ ለቀቁ፣ አረጋ ከበደ ገቡ። ከወጡት አምስቱ መካከል መራጭ የሻረው ወይም የሥራ ዘመኑን ጨርሶ የሄደ አንድም የለም። ከላይ አንዱ በተነሣ ቁጥር እስከ ቀበሌ ድረስ ወንበሩ ይነቃነቃል። የውሃ ጥያቄያችንን እኔው በእጄ ጽፌዋለሁና አውቀዋለሁ። ለአራት የተለያዩ ኃላፊዎች አራት ጊዜ «ለክቡርነትዎ» ብዬ ከመጀመሪያው ጀምሬ ጻፍኩ፤ አራተኛው የሦስተኛውን መዝገብ አላገኘሁትም አለኝ። በ2007 ዓ.ም. በዞናችን ከተማ ስም የወጣው የሰቆጣ ቃል ኪዳን እስከ 2022 ዓ.ም. የሕፃናትን መቀንጨር ለማጥፋት የገባው ቃል ነው። አሥራ አምስት ዓመት የሚጠይቅ ሥራ ዓመት በማይቆይ ሰው እጅ እየተንከባለለ እንዴት ይደርሳል?

ከክልሉ ድንበር ወዲያ፣ ትግራይም፣ ነገሩ ከእኛው ጋር አንድ ነው። እነሱም አበርገሌ፣ እኛም አበርገሌ ነን። ሕወሓት በ1993 ዓ.ም. ሲሰነጠቅ አሥራ ሁለት የማዕከላዊ ኮሚቴ አባላት ወጡ፤ ስዬ አብርሃ ታሰሩ። ከሃያ ሦስት ዓመት በኋላ በነሐሴ 2016 ዓ.ም. ጉባኤ ላይ ያው ድርጅት በደብረጽዮንና በጌታቸው ረዳ ወገን ተከፈለ፤ በ2017 ዓ.ም. ጌታቸው የጊዜያዊ አስተዳደሩን ቦታ ለታደሰ ወረደ ለቀቁ። መቀሌ ላይ ሁለት ሰዎች ሲጣሉ ኒሯቅ ላይ እናቶች ጓዛቸውን መቋጠር ይጀምራሉ። ይኼን የምለው ለማጋነን አይደለም፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ። በጫካ ያሉት የፋኖ አደረጃጀቶችም ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ጎጃም፣ ጎንደር፣ ወሎ፣ ሸዋ እያሉ ማን ይምራ በሚለው ላይ ሲሰባሰቡና ሲለያዩ ሰንብተዋል። ነገ ማን ከማን ጋር እንደሚሆን የሚያውቀው ገበሬ ሳይሆን ጥቂት የስልክ መስመር ነው።

ብዙ ጊዜ የሚሰጠኝን መልስ አውቀዋለሁ። «ጠላት በበር ቆሞ ልዩነት አደባባይ አይወጣም» ይሉኛል። እኔ እዚህ በተቀመጥኩበት አርባ ዓመት ሙሉ ግን ጠላት ከበር ጠፍቶ አያውቅም። ደግሞስ የተደበቀው ጠብ መቼ ተደብቆ ቀረ? ከእኛው ከዋግ የተነሣው ዋግሹም ጎበዜ ተክለ ጊዮርጊስ ተብሎ ሲነግሥ የደጃዝማች ካሳ ምርጫ፣ የኋላው ዐፄ ዮሐንስ፣ እኅት ባለቤቱ ነበረች። አማቾቹ በ1863 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ተዋጉ፤ የተሸነፈው የዋጉ ሰው ዓይኑ ጠፍቶ በእስር ሞተ። በዚያ ዘመን ሥልጣን የሚለወጥበት ሌላ መንገድ አልነበረም ይባል። ዛሬ ግን ሕገ መንግሥት አለን። ለርእሰ ብሔሩ ሁለት የሥራ ዘመን ብቻ የፈቀደው ይኸው ሕገ መንግሥት ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ገደብ አላስቀመጠም፤ ይኼም ለእኔ ትልቅ ቀዳዳ ነው።

ደቡብ አፍሪካን ላንሣ። የማንዴላ ድርጅት ኤ.ኤን.ሲ. በታኅሣሥ 2000 ዓ.ም. ፖሎክዋኔ ላይ ተሰብስቦ ለጃኮብ ዙማ 2,329፣ በሥልጣን ላይ ለነበሩት ለታቦ ምቤኪ 1,505 ድምፅ ሰጠ። አዳራሹ እርስ በርስ ይዘፋፈን፣ ይሰዳደብም ነበር። ምቤኪ ዓመት ሳይሞላ ፕሬዚዳንትነቱን እንዲለቁ ተጠየቁ፤ ለቀቁ፤ ቤታቸው ገቡ፤ ዛሬም በነጻነት ይናገራሉ። ዙማ ንጹሕ መሪ አልሆኑም፤ አገራቸውን በሙስና አስመረሩ። ግልጽ ቆጠራ ጥሩ ሰው ያመጣል ብዬ አላታልላችሁም። 1,505ቱ ግን አልታሰሩም፤ ጫካም አልገቡም።

እንግዲህ በሕዝብ ስም ለምትንቀሳቀሱ ሁሉ፣ ቢሮ ላላችሁም በረሃ ላላችሁም፣ የምለምነው አንድ ነው። ስትጣሉ ጻፉት። መሪ ስትመርጡ የተሸነፈው ያገኘውን ድምፅ ለአባላችሁ ንገሩ፤ የተናገረውንም ቃል አትቅደዱ። መሪው መቼ እንደሚወርድ ከመውጣቱ በፊት ቀኑን ቁረጡለት። የተሸነፈውን በሚቀጥለው ጉባኤ ከወንበሩ እናገኘው፤ በመግለጫችሁ ላይ «ከሃዲ» ተብሎ ስሙን አንስማ።

በጦርነቱ ጊዜ ከአበርገሌ ተፈናቅለን ሰቆጣ አጠገብ ወለህ መጠለያ ነበርን። የጊዮርጊስ ማኅበራችንን አላቋረጥንም። የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴያችን፣ መጠለያው ውስጥ አርፎብን ስለነበር ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በሸራው ድንኳን ሥር ሌላ ለመምረጥ ተቀመጥን። ጠላ አልነበረም፤ ከእርዳታው ስንዴ የተጋገረ ድፎ ዳቦና በቢጫ ጀሪካን ውሃ ነበር። ሁለት ሰዎች ተጠቆሙ። ክርክሩ ጠነከረ፤ አንደኛው ቤተሰብ የሌላውን የቆየ የእርሻ ወሰን ጠብ ሳይቀር አነሣ። አባ «ተቀያይሞ ጽዋ የሚቀምስ የለም፤ አውጡት» ብለው ዝም አሉ። ወጣ። ሁለት ጣሳ ተቀመጠ፣ እያንዳንዱ ሰው እየተነሣ ጠጠር ጣለ። ዘጠኝ ለሰባት ሆነ።

የተሸነፈው አዛውንት ብድግ ብሎ ጽዋውን አነሣ። ጽዋ ያልኩት ክዳኑ የጠፋ የፕላስቲክ ጆግ ነው፤ ነጠላ ቅዳጅ ጠምጥመንበታል። በሁለት እጁ ይዞ ላሸነፈው ሰጠው፣ ከዚያ ጀሪካኑን አንሥቶ ለሁላችንም ውሃ ቀዳልን። ከጎረቤት ድንኳን ሬዲዮ ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት ተፈረመ እያለ የሚጮኽ ድምፅ የመጣው በዚያው ማታ ነው፤ ሴቶቹ እልል አሉ፣ ሽማግሌዎቹ አለቀሱ። እኔ መጻፌን አላቆምኩም ነበር። ሁለቱንም ስም፣ ሁለቱንም ቁጥር፣ የእርሻ ወሰኑን ነገር ሳይቀር አሰፈርኩ። ደብተሩን ሳዞር ሰባቱም ፈረሙ፤ መፈረም የማይችሉት በአውራ ጣታቸው አተሙ። ቀለም ስላልነበረን ጥላሸት በውሃ በጥብጠን ነበር፤ ጣቶቹ አሁንም ገጹ ላይ ጠቁረው ይታያሉ።